«ጠፍቷል» የተባለው የኮልፌ ወፍጮ

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት የሚጽፍላችሁ ሰው ማን እንደሆነ እወቁ። ስሜ ደርቤ ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎጃም ውስጥ ከአንድ የኔታ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሰው የለም። እንግሊዝኛን ያነበብኩት ሞተር ላይ ከተለጠፈ ቆርቆሮ ነው፤ ኤሌክትሪክን የተማርኩት ከተቃጠለ ሞተር ነው። ዲፕሎማ እንዳለኝ የሚጠይቁኝ ወጣት መሐንዲሶች አጋጥመውኛል። «አለኝ» እልና ሁለቱን እጆቼን እዘረጋላቸዋለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከወፍጮ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያና ከብረት መቁረጫ ጋር ኖሬ አሥሩም ጣቶቼ በቦታቸው አሉ። በዚህ ሙያ ያረጀን ሰዎች ተሰብስበን ጣታችን ቢቆጠር፣ እኔ ከፊት የምሰለፍ ነኝ።

የጉዞዬ ምክንያት አንድ ስልክ ነው። የደወለችልኝ የድሮ ጎረቤቴ ልጅ ውዴ ናት፤ ኮልፌ ውስጥ ወፍጮ ቤት አላት።

«ጋሼ፣ ማርቆስ ሊሄድብኝ ነው» አለችኝ።

ማርቆስ የወፍጮዋ ሠራተኛ ነው፤ ከሆሳዕና መጥቶ አሥር ዓመት አብሯት ሠርቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት የወፍጮውን ክዳን ከፍቶ ድንጋዩን ሲወቅር ማሽኑ በራሱ ተነሣ። መወቀር ማለት የለዘበውን ድንጋይ በመሮ እየመቱ እንደገና ሻካራ ማድረግ ነው። ድንጋዩ መሮውን ከእጁ ነጥቆ ግድግዳ ላይ ሰካው። እጁ በስንዝር ተረፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽኑ አጠገብ ሲቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ይህችን ሳምንት ጨርሼ አገሬ እገባለሁ ብሏል።

«ማሽኑ ምን ነክቶት ነው በራሱ የሚነሣው? ጠበል ሳይቀር አስረጨሁበት» አለችኝ።

«ጠበሉ ለአንቺ ይሁን፤ ለማሽኑ እኔ እመጣለሁ» አልኳት።

ጠዋት 1፡30፣ ከቀራንዮ

የጥቅምት ብርድ ነበር። የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ከቤቴ ወጣሁ። በቀራንዮ መድኃኔዓለም በኩል ሳልፍ ተሳልሜ፣ ሚኒባስ ወደሚቆምበት ወረድኩ። ሰፈራችን ግማሹ የድሮ ጭቃ ቤት ነው፤ ግማሹ ገና ብረቱ ያልተሸፈነ ፎቅ ነው። አንዱ ፎቅ ላይ ሲሚንቶ የሚያወጣውን መጎተቻ ቆሜ አየሁት። ገመዱ የተፈተለ ብረት ነው፤ አንዲትም ክር አልተበጠሰችም፤ ከሥሩ ሰው እንዳያልፍ ቀይ ላስቲክ ወጥረዋል። አመሰገንኳቸው። ጥሩ ሥራ አይቶ ዝም የሚል ሰው አልወድም።

ታክሲ ውስጥ ሳጥኔን ከእግሬ ሥር ሳስገባ ረዳቱ አየኝ።

«ፋዘር፣ ሳጥኑ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል፤ ይከፈልበታል።»

«ይህ ሳጥን ከአንተ በላይ ሠርቷል፤ ጡረተኛ ስለሆነ በነፃ ይሄዳል» አልኩት። ታክሲው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሃያ ብሬን ለራሴ ከፍዬ ጦር ኃይሎች ደረስኩ።

2፡30፣ ጦር ኃይሎች

ጦር ኃይሎች የሚጣደፍ ሰው አገር ነው። ከባቡሩ ፌርማታ የሚወርደው፣ ታክሲ የሚሻማው፣ ካልሲ ዘርግቶ የሚሸጠው ሁሉ እርስ በርሱ ሳይጋጭ ያልፋል። ሻይ በቦምቦሊኖ ጠጣሁና ወደማውቃት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ሦስት ነገር ገዛሁ፤ አንድ ኮንታክተር ከነአረንጓዴና ቀይ ቁልፉ፣ አንድ ቀይ አምፖል፣ አንድ ጠንካራ ጓጉንቸር።

ኮንታክተርን ለማታውቁ፣ እኔ «ትዕዛዝ ጠባቂ» ብዬ ነው የምጠራው። ተራ ማብሪያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑን ራሱ ያስነሣዋል። ትዕዛዝ ጠባቂው ግን መብራት ስለመጣ ብቻ አይነሣም፤ ሰው አረንጓዴውን ተጭኖ ተነሥ እስኪለው ይጠብቃል። ሻጩ ሳያሳየኝ የትኛው ለስንት ፈረስ ሞተር እንደሚሆን ነገርኩት። «አባባ የት ነው የተማሩት?» አለኝ። እጄን ዘረጋሁለት፤ አልገባውም።

4፡00፣ ኮልፌ

ከጦር ኃይሎች ሌላ ሚኒባስ ይዤ ኮልፌ ወረድኩ። ኮልፌን ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በር የሚበይድ፣ አልጋ የሚሠራ፣ ሞተር የሚጠመጥም፣ በርበሬ የሚያስፈጭ አለ። ከሌላ ሰፈር ወድቆ የተጣለ ማሽን እዚህ መጥቶ ይነሣል።

የውዴ ወፍጮ ቤት ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል ሚዛኑና ዋናው ማብሪያ አለ፤ ውዴ የምትቀመጠው እዚያ ነው። ማሽኑ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ነው፤ ማርቆስ የሚሠራው እዚያ ነው። በመካከል ግድግዳና አንድ በር አለ። ይህንን አቀማመጥ ያዙልኝ።

ማርቆስ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ተቀበለኝ። ሲጨብጠኝ ቀኝ እጁ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባባ፣ በከንቱ ደከሙ። እኔ ወስኛለሁ» አለኝ።

«ወስነህ ከሆነ ጥሩ፤ እስከዚያ ካቻቢቴ አቀብለኝ» አልኩት።

ማሽኑን ከእግር እስከ ራሱ መረመርኩት። ኩሽኔታዎቹ ቅባት ጠግበዋል። ቡሎኖቹ ጥብቅ ናቸው። ሽቦው አልተላጠም። ከሞተር ወደ ወፍጮ ኃይል የሚያደርሰው ቺንጋ አዲስ ነው፤ ጥፋቱ ያለ መከለያ ራቁቱን መሮጡ ነው። ማርቆስ ድምፁን ሰምቶ ብቻ ድንጋዩ መቼ እንደሚለዝብ ያውቃል፤ ዱቄቱን በጣቶቹ አሽቶ ስንት ቀን እንደቀረው ይናገራል። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው በዕድሜዬ ያየሁት ሦስት ነው፤ አንደኛው እኔ ነኝ። ታሟል የተባለው ማሽን ግን ከእኛ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።

መብራት ሲመለስ ይነሣል ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ባለሙያ ማብሪያው ሳይወርድ እጁን አያስገባም። ታዲያ በራሱ የሚያስነሣው ምንድን ነው?

5፡15፣ መብራት ሄደ

ይህንን እያሰብኩ መብራት ሄደ። ከምርመራዬ በኋላ ሥራ የጀመረው ወፍጮ እየቃሰተ ቆመ። ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች አጉረመረሙ። ማርቆስ እንደ ልማዱ መሮና መዶሻውን አነሣ። በኮልፌ ድንጋይ የሚወቀረው መብራት ሲሄድ ነው፤ ወረፋ የያዘ ሰው አይጉላላም፣ ሥራም አይፈታም። ብልህ ልማድ ነው፤ አደነቅኩት።

ክዳኑን ከፈተና በግድግዳው በኩል ጮኸ፦

«ጠፍቷል?»

ውዴ ከወዲያ መለሰች፦

«ጠፍቷል!»

መሮውን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። እኔ ግን ያቺን ቃል ሰማኋት፤ እንደ ላላ ቡሎን ጆሮዬ ውስጥ ተንኳኳች።

«እጅህን ሰብስብ» አልኩት። «አሁን ምን ብለህ ጠየቅካት?»

«ማብሪያው ጠፍቷል ወይ ብዬ ነዋ።»

ወደ ፊተኛው ክፍል ሄድኩ። ማብሪያው ወደ ላይ እንደተገተረ ነው፤ አልጠፋም።

«ውዴ፣ ጠፍቷል ያልሽው ምኑን ነው?»

«መብራቱን ነዋ ጋሼ! ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ይጠየቃል እንዴ?»

«ማብሪያውንስ ለምን አላወረድሽውም?»

«እንዲነግረን ነው። መብራት ሲመጣ ወፍጮው ይጮሃል፤ በየሱቁ የተበተነው ወረፋተኛ ሰምቶ ይመለሳል።»

አሥር ዓመት ሙሉ እሱ ስለ ማብሪያው ይጠይቃል፤ እሷ ስለ መብራቱ ትመልሳለች። አንዲት ቃል ለሁለት ስትከፈል እጁ በመካከሏ ነበር። ብዙ ጊዜ መብራቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ብቻ ተርፏል።

እኔ ነገር በቃል ብቻ አላሳይም። የማርቆስን የሥራ ጓንት ወስጄ ፉርሽካ ሞላሁበት፤ በገመድ አስሬ መሮው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ አንጠለጠልኩት። ማብሪያውን እንደነበረ ተውኩት። ሰዉን ሁሉ ከበሩ ውጭ አስወጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሽማግሌው ለወፍጮ እጅ ሊያስጨብጥ ነው» አለች ጤፍ ተሸክማ የመጣች አንዲት ሴት።

«አንቺ፣ እስቲ ዝም በይ፤ ጤፍሽ ሳይፈጭ እንዳይመልስሽ» አለቻት ጓደኛዋ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ «መጣ! መጣ!» የሚል ሆታ ተነሣ፤ በዚያው ቅጽበት ድንጋዩ አገሣ። ጓንቱ የት እንደገባ አላየንም። ፉርሽካው ብቻ እንደ ጭጋግ በክፍሉ ሞላ። ከጓንቱ የተገኘው አንድ የአውራ ጣት ያህል ጨርቅ ነው፤ እሱም ጣሪያው ላይ።

ውዴ ሮጣ ማብሪያውን አወረደችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማርቆስን አየችው።

«አጥፍቻለሁ» አለች። «ማርቆስ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ማርቆስ መሬት መሬቱን እያየ «እኔም አጥርቼ አልጠየቅኩም» አለ።

«ውዴ፣ ይህችን ቃል ያዢያት» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጠፍቷል የሚባል ነገር የለም። ጠፍቷል ባለቤት የሌለው ቃል ነው፤ መብራትም ይጠፋል፣ ዶሮም ይጠፋል። አጥፍቻለሁ ሲባል ግን ያጠፋ ሰው አለ ማለት ነው። ማብሪያውን በእጅሽ አውርደሽ፣ ቆልፈሽ፣ ከዚያ አጥፍቻለሁ ትያለሽ።»

«በየቀኑ ልናዘዝ ነው እንግዲህ» አለች፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

8፡00፣ ሥራው

ሽሮ በቃሪያ በልተን ጀመርን። ከመንገዱ የሚመጣውን መስመር ከሥሩ አቋርጬ፣ በቴስተር ሁለት ጊዜ ፈትሼ፣ ትዕዛዝ ጠባቂውን አስገባሁ። የማብሪያውን ሳጥን በስቼ ጓጉንቸሩ የሚገባበት ቀለበት አበጀሁለት። የጎረቤቱ በያጅ ቺንጋውን በወንፊት ብረት ሸፈነልኝ፤ የሴቶቹ ነጠላ በአጠገቡ ሲንሳፈፍ ሳየው ልቤ ተሰቅሎ ነበርና ይህንን ሳላስደርግ አልሄድም።

ቀዩን አምፖል መብራት መምጣቱን እንዲነግር በጓሮው ክፍል ሰቀልኩት። ማርቆስ ቀና ብሎ አየው።

«አባባ፣ ነገ ዱቄት ይሸፍነዋል። ደግሞ ስወቅር ጀርባዬን ነው የምሰጠው። ሬዲዮ ቢሆንስ? ከፍቼ እተወዋለሁ፤ መብራት ሲመጣ ራሱ ይናገራል፤ መንገድ ድረስ ይሰማል።»

እውነቱን ለመናገር ከአምፖሌ የተሻለ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ የእሱ ነው፤ ሬዲዮው የሚቀመጥበትን ቦታ የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ሙከራው መጣ። ወፍጮው እየሠራ ዋናውን ብሬከር አወረድኩት። ቆመ። መልሼ አነሣሁት። ሬዲዮው ስለ እግር ኳስ መለፍለፍ ጀመረ፤ ወፍጮው ግን ጭጭ። አምስት ጊዜ ደገምኩት፤ አምስት ጊዜ ጭጭ አለ።

የቀረው ማርቆስ ነው። ውዴ ማብሪያውን አወረደች፣ ቆለፈች፣ የጓጉንቸሩን ብቸኛ ቁልፍ አመጣችለት። በክር አስሮ አንገቱ ላይ አጠለቃት።

«ማተብ አላስርም ስትለኝ ኖረህ ይኸው አሰርክ!» አለችው።

«ይህ የሃይማኖት አይደለም እትዬ፤ የእጅ ነው» አላት።

ክዳኑን ከፈተ። በግድግዳው በኩል ምንም አልጠየቀም፤ ደረቱን ዳሰስ አድርጎ ቁልፏን አገኛት። መሮውን አሳረፈ። የመጀመሪያዋ ምት ደካማ ነበረች፤ ሁለተኛዋም ተንሸራተተች። ከሦስተኛዋ በኋላ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ እንደ ሰዓት። ወረፋ የያዙት ሴቶች እንኳ ወሬያቸውን አቁመው ሰሙት። ከድንጋዩ ዳር እስከ እምብርቱ አንድም መሥመር ሳያዛባ ወቀረ። ያን ጊዜ እጁን አየሁ፤ አይንቀጠቀጥም።

«ሳምንቱን ጨርሼ እሄዳለሁ ያልከውስ?» አለችው ውዴ።

«የትኛውን ሳምንት እንደሆነ አልተናገርኩም» አላት ራሱን ሳያቀና።

11፡30፣ ቀራንዮ፣ ቤቴ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ቤቴ ስደርስ ሰፈራችን መብራት አልነበረም። ባለቤቴ የታጠፈ ልብስ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ካውያው ጠፍቷል?» አልኳት ጫማዬን እያወለቅኩ።

«ጠፍቷል።»

ጫማዬን መልሼ ሳላጠልቅ ተነሥቼ ሄድኩ። ካውያው ሸሚዜ ላይ ተደፍቶ፣ ሶኬቱ እንደተሰካ ነው። ሃምሳ ዓመት ማሽን ፈትሼ የራሴን ቤት ቃል አልፈተሽኩም ነበር። ነቀልኩት፤ ከዚያም ጮክ ብዬ «አጥፍቻለሁ!» አልኩ። «ምን አጠፋህ ደግሞ?» አለችኝ።

መንገዱ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ ማሽን ከመፈተሽ በፊት በዙሪያው የሚነገረውን ቃል መፈተሽ። በዚህች ቀን የሠራሁትን ደግሞ ልዘርዝር፤ እኔ ካልዘረዘርኩት የሚዘረዝርልኝ የለም።

ታሟል የተባለ ወፍጮ ጤነኛ መሆኑን አረጋገጥኩ።
ራቁቱን ለሚሮጥ ቺንጋ ልብስ አለበስኩ።
መብራት በመጣ ቁጥር የሚነሣ ማሽን ትዕዛዝ እንዲጠብቅ አስተማርኩ።
አንድ አምፖል ያለ ቦታው ሰቅዬ፣ ከእኔ የተሻለ ሐሳብ ሲመጣ አወረድኩ።
ከውዴ ቤት አንድ ቃል አስወጥቼ በምትኩ አንድ አስገባሁ።
ከገዛ ቤቴ አንድ ካውያ ነቀልኩ።
የማርቆስን አሥር ጣት ኮልፌ፣ የእኔን አሥር ቀራንዮ አሳደርኩ።