መጽሐፉ ፈረንጅ ሆኖ አደረ

አባቴ ዛሬ የልጄን የባዮሎጂ መጽሐፍ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እሳቸው የጸሎት መጽሐፋቸውን የያዙ መስሏቸዋል።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ አውሷታል። አቧራ እንዳይገባው ብላ በአያቷ ትርፍ የቆዳ ማኅደር ከታ ከእሳቸው መጽሐፍ ጎን ሰቀለችው። አባባ ደግሞ በድንግዝግዝ ያገኙትን አንግተው ወጡ።

ልጅቷ ዛሬ ፈተና አለባት፣ ማንበቢያው የለም። የሞላሌን ከተማ አቋርጠን እየሮጥን ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን። (በዚህ ዕድሜዬ መሮጤን ያየ ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ነበር።)

አባቴ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን በምራቅ እያረጠቡ ይገልጣሉ።

"ነይ እስቲ ልጄ" አሉኝ፣ "መጽሐፌ ፈረንጅ ሆኖ አደረ።"

ልጄ ተቀብላ ብታየው ስለ ኩላሊት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደርሰዋል።

"አባባ፣ እኔ እኮ እዚህ ገና አልደረስኩም" አለችና እዚያው ቆማ አነበበችው።

ፈተናው ላይ የመጣው ያው ኩላሊት ሆነ።

"ታዲያ በከንቱ ነው የደገምኩበት?" አሉ አባቴ፣ ኮራ ብለው።

ነገ ኬሚስትሪ ነው። ሁለት ጓደኞቿ ማንበቢያቸውን ይዘው አሁን ደጃችን ተቀምጠዋል፤ አባባ በጣታቸው እንዲገልጡላቸው።

እናንተስ ቤት አያትና የልጅ መሣሪያ ሲገናኙ ምን ተፈጠረ? እስቲ አጫውቱኝ።