በበሽተኛ ፊት የማይነሱት ሙታን

ዛሬ ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታል ተኝቼ፣ ሁለት ሐኪሞች አልጋዬ አጠገብ ቆመው በእኔ መድኃኒት ተከራከሩ።

ትልቁ ሐኪም «እኔ በልምዴ የማምነው የቆየውን መድኃኒት ነው» አለ። ወጣቷ ግን «በአዲሱም በቆየውም የታከሙት ተነጻጽረዋል፤ በቆየው የሞቱት ይበዛሉ» አለችው።

ክው አልኩ። በበሽተኛ ፊት የሞተ ሰው ነገር ይነሳል እንዴ!

በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ቡሬ አጠገብ፣ አባቴን ንዳድ ሲጥላቸው ቤታችን በጠያቂ ሞልቶ ነበር። አንዱ ጎረቤት «እኔን ያዳነኝ ይህ ሥር ነው፤ በጥብጠው ይጠጡት» አሏቸው። ሌሎቹም የዳነ ዘመዳቸውን እየጠሩ መሰከሩ።

አባቴ ጠጡት፤ አረፉ።

ያንኑ ሥር ጠጥተው የሞቱም እንደነበሩ የሰማሁት ለቅሶው ላይ ነው። ለበሽተኛ የሚወራለት የዳነው ብቻ ነዋ። አባቴም ከዚያ ወዲያ በማንም በሽተኛ ፊት አልተነሱም።

ዛሬ ይህች ልጅ ሙታኑንም ቆጠረቻቸው። አዲሱን መድኃኒት እሺ አልኳት።

አጠገቤ ያለው ወንበር ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። ጠያቂ ቢኖረኝማ እስካሁን አንድ ሥር ያዝልኝ ነበር!

እናንተስ፣ እንደ አባቴ ሳይነሳ የቀረ ሰው አላችሁ? ጻፉልኝ። በበሽተኛ ፊት ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሌላ ጠያቂ የለኝም።