ሊቀመንበሩ ሂስ የተቀበሉበት ከሰዓት

ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰባት ሴቶች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ከኋላቸው፣ በሩ አጠገብ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀምጠዋል። ጥናቴ በቤቷ ለባሏ መታዘዝን የለመደች ሴት በአደባባይ ለሹም መታዘዝ ይቀላት እንደሆነ የሚመረምር ነበር። ለዚህም ሴቶቹ ወንድ በሌለበት ሊያናግሩኝ ይገባ ነበር። የመስክ ፈቃዴ ደግሞ ሊያበቃ ተቃርቧል።

«ማሽላ ሲሸጥ በቤታችሁ የሚወስነው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሴቶቹ ዘወር ብለው ሊቀመንበሩን አዩ። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በመመካከር» አለች የመጀመሪያዋ።

«በመመካከር» አለች ሁለተኛዋ።

«ባልና ሚስት ሲጣሉስ?»

«እሱንም በመመካከር ነው፣ ልጄ» አሉኝ አንዲት አሮጊት።

ሊቀመንበሩ እንዲወጡልኝ በትሕትና ለመንኋቸው።

«መምህርት፣ እኔ እኮ እዚህ የተቀመጥኩት እንደ ወንድ አይደለም» አሉኝ ረጋ ብለው። «እንደ መዋቅር ነው።»

በማስታወሻዬ ላይ «መዋቅር» ብዬ ጻፍኩ። ከሰባቱ ሴቶች አንዷ የሆኑት የሊቀመንበሩ ባለቤት እጃቸውን ያወጡት ይኼኔ ነው።

«ሂስ አለኝ።»

በዚያ ዘመን ያለ ግምገማ የሚዘጋ ስብሰባ አልነበረም። የተገመገመ ሰው ከተከራከረ ጥፋቱ እጥፍ ይሆንበታል። ይህን ለቀበሌው ያስተማሩት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው።

«ሊቀመንበራችን በጥንካሬ፣ ከስብሰባ አይቀሩም» አሉ ባለቤታቸው። «በድክመት፣ ሴት ስትጠየቅ መልሱን ቀድመው በዓይናቸው ይሰጣሉ። ቤትም እንደዚሁ ናቸው።»

«የቤቱ ይቅር» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ሂስ አይቀበሉም የሚለውም ይጨመርልኝ።»

«ወላሂ፣ እኔም እደግፋለሁ» አሉ አሮጊቷ። የቀሩትም እጃቸውን አወጡ፤ በዚህ ጊዜ ወደ በሩ ዞሮ ያየ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ተነሥተው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ሂሱን ተቀብያለሁ። አስተካክላለሁ።»

«አሁን ነው ወይስ በዕቅድ?» አሉ ባለቤታቸው።

አሁን ሆነ። በሩ ሲዘጋ የማሽላውን ጥያቄ ደገምኩት።

«የሚወስኑት እሳቸው ናቸው» አሉ ባለቤታቸው። «ስንት ኩንታል እንዳለ ግን የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ያህል ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ጻፍኩ። ወሬው አላልቅ ብሎን ሲመሽ ለማግሥቱ ተቀጣጠርን። ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ግን ሊቀመንበሩ ፈቃዴን እንደሚነጥቁኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት የቀበሌው ካቢኔ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። እኔ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ውሳኔውን ወጥተው ያነበቡልኝ ሊቀመንበሩ ናቸው፦ ጥናቱ ወንድ ሳይገኝበት ይቀጥል፤ ይህን ሐሳብ ያመነጩትም ሊቀመንበሩ መሆናቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝ።