የሰርጉ ጎማ

ዘነቡ ስትናደድ ታንጎራጉራለች። ያን ጠዋት ግን ዝም አለች፤ ባሏን ባድሩን ያስፈራው ይኸው ዝምታዋ ነበር።

የሚኖሩበት ሰፈር፣ ሲዋርድ፣ በበረዶ ታፍኗል። ጎረቤታቸው ጋሼ ይልማ ለኩላሊት እጥበት ዉድበሪ ከተማ ያለው ክሊኒክ መድረስ አለባቸው። ያለፈው ቀጠሮ አምልጧቸው እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። ሁሌም በፒክአፗ የምታደርሳቸው ዘነቡ ናት። ዛሬ ግን መኪናው ከቤቱ ጀርባ ካለው ጠባብ መንገድ አልወጣ አለ። የኋላ ጎማው በቁሙ ይሽከረከራል፣ መኪናው ወደ አጥሩ ይንሸራተታል።

ወርዳ አየች። የበረዶ ጎማዎቿ የሉም። በቦታቸው ጥርሳቸው የገጠጠ ሰፋፊ የጭቃ ጎማዎች ተገጥመዋል።

«ባድሩ፣ ጎማዬስ?»

«ለሙዘይን ሰርግ እንዲያምር ቀየርኩት እኮ። ያንቺው ፍሪድሊ ከተማ፣ ሙዘይን ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው። ይሄ ኦፍሮድ ነው፣ ዘኑ፤ ተራራ ይወጣል።»

«ተራራው የታለ? ጥርሱ በበረዶ ተጠቅጥቆ ልሙጥ ሆኗል። ላስቲኩም በብርዱ እንጨት ሆኗል። በምኑ መሬት ይቆንጥጥ?»

«የእህቴ ልጅ ሰርግ ነው። ስንት ሰው አደነቀው።»

«ያደነቁት ይምጡና ጋሼ ይልማን ይሸከሙ።»

«ልጆቼ፣ በእኔ አትጣሉ» አሉ ጋሼ ይልማ ከጋቢናው።

«በእርስዎ አይደለም ጋሼ። በዚህ ሙሽራ ጎማ ነው።»

ተንበርክካ በረዶውን ከጥርሶቹ መሃል በመፍቻ ፈለፈለች። ጎማው መሬቱ ላይ ሰፋ ብሎ እንዲተኛ ጥቂት አየር አስተነፈሰች፤ ከፊቱ አሸዋ በተነች። እጇ ሲደነዝዝ ዜማው አመለጣት፦

ሰርግ ያደመቀ ጎማ፣ ኩራተኛው እሱ፣
በረዶውን ሲያየው ረገፈ ጥርሱ።

«አሁን ይወጣል?» አለ ባድሩ።

«ኋላው ባዶ ነው፤ ክብደት ይፈልጋል። ውጣ።»

«እኔ?»

«ሌላ ጆንያ አይታይህም?»

ባድሩ የሰርጉን ካፖርት እንደለበሰ ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ወጥቶ ልክ ከጎማዎቹ በላይ ቁጢጥ አለ። ዘነቡ ነዳጁን ቀስ አድርጋ ነካችው። ጎማው አንዴ ዞረ፣ አሸዋውን ነከሰ፣ ያዘ። መኪናው እየተንቀረፈፈ ጨው የተነሰነሰበት ትልቁ መንገድ አፋፍ ደረሰ። እዚያ አቆመች።

«ውረድ። ስመለስ ጎማዬ ደጄ ላይ ይጠብቀኝ።»

«በምን ልሂድ?»

«ያደነቁህን ጥራቸው።»

ባድሩ በረዶው መሃል ቀረ። ነዳጅ ማደያው ጋ አየር ልትሞላ ቀስ ብላ ስትታጠፍ «ሰርግ ያደመቀ ጎማ...» ብላ ዜማውን እንደገና ጀመረች። ጋሼ ይልማ ያበጠ እግራቸውን በፎጣ እንደጠቀለሉ ተቀበሏት፦

«ረገፈ ጥርሱ...»