የኑሪ መዳፍ

ኑሪ ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ በሚወርደው መንገድ፣ አንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር፣ ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ሲጠግን ኖሯል። ጋራዡ በር የለውም፤ አንድ ሸራ፣ አንድ የመሣሪያ ሣጥንና ዘይት የጠጣ መሬት ነው። ባለ መኪኖች ከኦሎምፒያ ድረስ የሚመጡት ለጆሮው ነበር። ቆሞ ያዳምጥና ኮፈኑ ሳይከፈት በሽታውን ይናገራል።

እየደከመ የሄደው ያ ጆሮ ነው። መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ። ቀርበው ሲያናግሩት ይሰማል፤ የሞተር ድምፅ ግን ጭጋግ ውስጥ እንደ ገባ ሰው መልኩ ጠፋበት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ያለ ኮሽታ ይወርዳል። ሚኒባሶቹ እንደ ዓሣ በዝምታ ያልፋሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝምታው አንዳንዴ ደስ ይለው ነበር፤ የሱብሒ ሶላት ሰዓት ጸጥታ ቀኑን ሙሉ አብሮት ይውላል።

ግን እንጀራው ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሰው መኪና ላይ ነዳጁን የሚለኩሱትን ደህናዎቹን ካንዴላዎች ቀይሮ በሽታው ሳይገኝ ቀረ። ለሚስቱ ለኩልሱም ነገራት። ሜክሲኮ አደባባይ ሱቅ ያለው ወንድሟ ደግሞ የሚያግዘው ሰው ይፈልጋል። “ሌላ መኪና ላይ ደግሜ ከተሳሳትኩ ዕቃዬን ሸጬ ሱቅ እገባለሁ” አላት።

በሐምሌ ቂርቆስ ማግስት፣ ጠዋት፣ የደንበኛው የአምኃ ላዳ ታክሲ እያነከሰች መጣች። ኋላ ወንበር ላይ እናቱ እማማ ስመኝ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

“ኑሪዬ፣ በቃ ሞተች! ዳገት ላይ፣ ማለቴ፣ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ስማት እስቲ።”

ኑሪ አልሰማትም። ከዚያ ለምን እንደሆነ ራሱም ሳያውቅ ወደ ኋላ ዞሮ ቁጢጥ አለና መዳፉን ጭስ መውጫው ፊት ዘረጋ። ትኩስ ትንፋሽ መታው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ባዶ። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ባዶ። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ አይተነፍስም።

“እሳት ትሞቃለህ እንዴ?” አለ አምኃ አጠገቡ ጎንበስ ብሎ እየሳቀ።

“ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው።”

ኮፈኑን ከፈተ። ግራ እጁን መኪናዋ ጎን ላይ አሳርፎ፣ በቀኙ የካንዴላ ገመዶቹን በደረቅ ጨርቅ እየያዘ በየተራ ነቀለ። የመጀመሪያው ሲነቀል መኪናዋ ብሶባት ተንዘፈዘፈች፤ መለሰው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅል ግን መዳፉ ሥር ምንም አልተለወጠም። የማይሠራው እሱ ነበር።

ሞተሩን አስጠፍቶ ካንዴላውን ፈታ። ጤነኛ ነው። ባለፈው ሳምንት የቸኮለው እዚህ ላይ ነበር። አሁን ገመዱን በጣቱ እየተከተለ፣ እሳት ለአራቱም ወደሚታደልበት ስፒንትሮጀኖ ደረሰ። ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ውሃ ቋጥሯል።

“ዝናብ እዚህ አይደርስም። ሞተሩን አጥበሃል?”

“ኧረ በፍጹም!”

እማማ ስመኝ ወርደው ወደ ኑሪ ጆሮ ተጠጉ። “እኔ ነኝ፣ ልጄ። ትናንት ከቂርቆስ ያመጣሁትን ጸበል ከአደጋ ይጠብቀው ብዬ አፈሰስኩበት። አንድ ሃይላንድ ሙሉ።”

አምኃ ራሱን ያዘ። “እማዬ፣ መኪና ታጠምቂያለሽ?”

“ሹፌሩማ መች እሺ አለኝ!”

ኑሪ ሳቀ። “እማማ፣ አይዞዎት፣ በረከቱን አልነካም። እርጥበቱን ብቻ ልጥረግ።” በንጹሕ ጨርቅ አደረቀው፤ አረንጓዴውን ዝገት ፈቅፍቆ ገመዱን እስኪጠብቅ ሰካ። “አስነሳ!”

መዳፉን ዘረጋ። ትንፋሹ ሳይቋረጥ መጣ፣ እንደ ተኛ ሕፃን። እማማ ስመኝ አማተቡ። እሱ “አልሐምዱሊላህ” ብሎ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ቆየ።

ቀና ሲል ኩልሱም ቁርሱን ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ መኪናዋንና እሱን ያያል። እጇን ይዞ ሞተሩ በሚሠራው ላዳ ጎን ላይ አስቀመጠው።

“ስሚ” አላት።

እጇን አላነሳችም። ካፊያው ጀመረ።

“ለወንድሜ ምን ልበለው?” አለች ወደ ጆሮው ተጠግታ።

“ሌላ ሰው ይፈልግ።”