የወጥ ቤቱ ደብዳቤ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቴ ቤዝመንቱን ሳጸዳ አንድ የቪዲዮ ካሴት እጄ ገባና ማኅደሩን ስከፍተው የወጣው የአቧራና የፕላስቲክ ሽታ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደነበረችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማችን፣ አባባ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ወደሚወድቁባት ሶፋ ይዞኝ ሄደ።

ፊልሙ የእንግሊዞች የጦርነት ጊዜ ኮሜዲ ነው፤ ብርድ የጠናበት ወጥ ቤት ወታደር የጄኔራሉን ካፖርት ሲደርብ ሰው ሁሉ ጄኔራል መስሎት ሰላምታ ይሰጠዋል፣ እሱም ጭንቅ ይዞት ጦር ሲመራ ይሰነብታል። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናየው ነበር፤ እንደ አባባ ስልክና ቀጠሮ ሁሉ የዚህም አስተርጓሚ እኔው ነበርኩ። አሜሪካ ከገባሁ ዓመት ያልሞላኝ የአሥር ዓመት ልጅ፣ እነዚያ እንግሊዞች ቃሉን እየዋጡ ሲያወሩ ከአሥሩ ሁለቱን ብይዝ ነው። ግን አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እኮ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው» እያሉ እንዴት ብዬ አልገባኝም ልበል? ፈጠርኩዋ! ጄኔራሉን እንደ ሰፈራችን ቀበሌ ሊቀ መንበር አስጮኽኩት፣ አባባም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

መጨረሻው ላይ ወጥ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ከወረቀት ላይ ያነባል። እናቴ ያኔ አዲስ አበባ ቪዛ እየጠበቀች ነበርና ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ነው ብዬ ከልቤ እያወጣሁ አነበብኩላቸው። እዚያ ላይ አባባ አይስቁም፤ «እስቲ ድገሚልኝ» ይላሉ። እኔም እደግማለሁ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባባም አሁን ከእኔ ጋር ናቸው። ካሴቱን ሲያዩ ያችን ደብዳቤ ካልሰማሁ አሉ። ማጫወቻው ከየት ይምጣ? ፊልሙን ከኢንተርኔት ፈልጌ ከፈትኩላቸውና አሁን ከእንግሊዝኛው ምንም የማያመልጠኝ ሴትዮ ቃል በቃል ተረጎምኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው የድንችና የሽንኩርት ዝርዝር ነው።

«ይሄ አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ደህና አድርገሽ ፈልጊ» አሉኝ።

ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ግሮሰሪ ሊስት» አለች፣ የአስቤዛ ዝርዝር ነው ማለቷ ነው፤ እሷንም ራሴንም ልመታ ምንም አልቀረኝም። ሳምንቱን ሙሉ የሌለ ፊልም ፈልጊ ስባል ከረምኩ። እውነቱን ልንገራቸው ብል የሳቁበትን ዘመን ሁሉ ውሸት ላደርግባቸው ነው። እንደገና ልፍጠር ብዬ ትናንት ወረቀቱ ላይ ስንደርስ አፌን ከፈትኩ፣ ግን ከዚያ ደብዳቤ አንዲት መስመር እንኳ አልመጣልኝም፤ ከ«ውድ ባለቤቴ» በኋላ ተንተባትቤ ቀረሁ። ይህን ያህል የተናደድኩበትን ቀን አላስታውስም።

አባባ እጄን ያዝ አድርገው በሐዘኔታ አዩኝ።

«አይ ልጄ፣ ያኔ እንዲያ እንደ ውኃ ትጠጪው የነበረው እንግሊዝኛ ጠፋብሽ ማለት ነው?»