ጫማ ያለው ወደ ቀኝ

ጫማ ጠባቂው ሰውን ከፊቱ ይልቅ በእግሩ ነው የሚያውቀው። በቅዱሱ ስፍራ በር ላይ፣ የእንጨት መደርደሪያውን ተደግፎ ተቀምጦ አረጀ። ቁጥር የለ፣ ካርድ የለ፤ ሰው አውልቆ ይሰጠዋል፣ ሲወጣ እሱ ሳይጠየቅ ያቀብላል። «ጋሽ ጫማ» ይሉታል፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ሚስቱም ሳትረሳው አትቀርም።

አገሩን ባዕድ ጦር ከያዘው ወዲህ ሰው ሁሉ ጸሎተኛ ሆኗል፤ ሲጨንቅ የማይጸልይ ማን አለ? ያን ቀን ረፋዱ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ። ገበያው መሀል ተኩስ ተከፈተና ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች ግር ብለው መጡ። አንዳንዱ ቦት ጫማውን እንዳጠለቀ ጥሶት ገባ። አንዳንዱ ደግሞ፣ ወይ ጉድ! ጥይት እየተከተለው ጎንበስ ብሎ ክሩን ፈታና «አደራ አባባ» ብሎ ሰጥቶት ገባ። ገበያተኛውም ነፍሴ አውጪኝ ብሎ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ከኋላቸው ተግተለተለ። ማን ታጣቂ፣ ማን ጸሎተኛ? ጋሽ ጫማ ግራ ገባው። አፉን ከፍቶ ሳይጨርስ በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ፣ ታንክ መጥቶ አደባባዩን ዘጋ፤ እሱም ከመደርደሪያው ጋር ከውጭ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ወሬውም ትእዛዙም መያዣ መጨበጫ የለው። የወታደሮቹ ድምፅ ማጉያ «ውጡ!» ይላል፤ ቆየት ብሎ «የወጣ ይመታል!» ይላል። ከውስጥም አንዴ «እጃችንን እንሰጣለን»፣ አንዴ «ሞተን ነው የምንወጣው» ይሰማል። አመሻሹ ላይ ከውስጥ አንድ ሬሳ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። እግሩም ተሸፍኖ ስለነበር ጋሽ ጫማ ማን እንደሆነ ሊያውቅ አልቻለም።

በማግስቱ ሴቶቹ ተለቀቁ። ለጸሎት እንደገባች የቀረችው ሚስቱም ወጣች። ጫማዋን ቢያቀብላት ሳታይ ክንዱን ጨመደደችው።

«ልጁ ውስጥ ነው!»

«የቱ ልጅ?»

«አማችህ ነዋ! እኔን አወጣለሁ ብሎ ሲሮጥ መጥቶ ተዘጋበት። አንተ ጋ መቼ ቆመ፣ ከነጫማው ነው የገባው!»

አማቹ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጋሽ ጫማ ለዚህ ልጅ ደግ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ «ከመቀሱ አፉ ይፈጥናል» እያለ ነበር የሚያማው። አሁን ግን ዛሬ ነገ ልትወልድ የደረሰች ሴት ልጁ ታየችው።

ከሰዓት በኋላ ስምምነት ተደረሰ ተባለ። መሣሪያው እዚያው ውስጥ ይቀራል፤ ወንዱ ሁሉ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ፣ በባዶ እግሩ፣ አንድ በአንድ ይወጣል። የወታደሮቹ አስተርጓሚ ወደ መደርደሪያው መጣ።

«አባባ፣ አዛዡ እንዲህ ይላሉ። ጸሎተኛ አውልቆ ይገባል፤ ታጣቂ አያወልቅም። ስለዚህ እርስዎ ጋ ጫማ ያለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤቱ። የሌለው ወደ ግራ።»

በግራ በኩል ሸራ የለበሱ የጭነት መኪናዎች ቆመዋል።

«ኧረ ልጄ፣ እንደሱ አይደለም! ሮጦ የገባ ገበያተኛ አለ፣ አውልቆ የገባም…» ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። አውልቆ የገባ ታጣቂ አለ ቢል፣ ያ «አደራ» ያለው ሁሉ አለቀለት። ባይል ደግሞ የገዛ አማቹ።

«አውልቆ የገባ ምን?»

«ምንም» አለ።

መውጣት ጀመሩ። ጋሽ ጫማ እጁ በልማዱ ለየባለቤቱ ያቀብላል። ክሩን ፈትቶ የገባው ታጣቂ መጣ፤ ሰጠው፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ወደ ቀኝ ሄደ። ሽማግሌው ሽንኩርት ሻጭ መጣ፤ ከነጫማው ሮጦ የገባ ሰው ነው። ጋሽ ጫማ ሆዱ አልቻለም። ደጃፉ ላይ ሲሠራ በባዶ እግሩ ነውና የራሱን ሰንደል ጫማ ከታች አውጥቶ ሰጠው።

ለካ ቀጥሎ ያለው አማቹ ነበር! ምነው ትንሽ ብታገሥ፣ አለ በልቡ። መደርደሪያው ላይ የቀረው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ ቡናማ፣ ተረከዙ በአንድ ወገን የተበላ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጫማ ነው። ያ ሬሳ እሱ ይሆናላ፣ ብሎ አሰበ። እሱ ባይሆን እስካሁን አይወጣም ነበር? ለሞተ ሰው ጫማ ምን ያደርግለታል! አንስቶ ሰጠው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የኔ…»

«አድርግ ብዬሃለሁ! አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትል ምን አለበት?»

ልጁ ጣቶቹን አጣጥፎ፣ ተረከዙን ረግጦት እያነከሰ ወደ ቀኝ ሄደ። አማቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ጋሽ ጫማ አያት። እፎይ አለ፤ ዓይኑም እንባ ሞላ።

ዞር ሲል ዘበኛው ቆሟል።

መጨረሻ የወጣው እሱ ነው። ቁስለኛ ሲደግፍ ቆይቶ ሸሚዙ ደም በደም ሆኗል። ጋሽ ጫማን ሲያይ ፊቱ ፈካ፤ እንደ ሁልጊዜው እግሩን ወደፊት ሰደድ አድርጎ ጠበቀ።

«የዚህስ?» አለ አስተርጓሚው።

«አለው! ጸሎተኛ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አይቀርም! ጫማው… እኔ ነኝ የጣልኩት፣ እኔ!»

አስተርጓሚው ለአዛዡ ነገረው። አዛዡ ባዶውን መደርደሪያ አየ፣ የዘበኛውን ደም አየ፣ በእጁ ወደ ግራ አመለከተ። ጋሽ ጫማ ጣቱን ወደ ቀኝ ሊያነሣ ፈለገ፤ እጁ ግን እንቢ አለው።

ሁለት ወታደሮች ዘበኛውን በብብቱ ያዙት። እሱ ግን ጋሽ ጫማ ስለ ጫማው የተጨነቀ መስሎት አዘነለት።

«ግድ የለም ጋሽ ጫማ፣ አትጨነቅ» አለው ዘወር ብሎ። «ፈልገህ አስቀምጥልኝ፣ ስመለስ እወስደዋለሁ።»

ጋሽ ጫማ «እሺ» አለው።